የአዘዞ አውሮፕላን ማረፊያና የሸኚዎች ስፍራ

ከጎንደር ከተማ ወደ ደቡብ በባሕር ዳር መንገድ ወርዶ አዘዞ የሚደርስ መንገደኛ፣ የሚረግጠው ምድር የአውሮፕላን መንደርደሪያ ከመሆኑ እጅግ አስቀድሞ ነገሥታት የመረጡት ስፍራ እንደ ነበረ ቢያውቅ መልካም ነው። ልጃቸው ዐፄ ፋሲለደስ እ.ኤ.አ. በ1636 ጎንደርን መናገሻ ከማድረጋቸው በፊት፣ ዐፄ ሱስንዮስ ገነተ ኢየሱስ የተባለውን ቤተ ክርስቲያን ያሳነጹት በዚሁ በአዘዞ ነበር። ከሦስት መቶ ዓመት በኋላም በጠላት ወረራ ዘመን፣ በምሥራቅ አፍሪካ የነበረው የኢጣልያ ጦር ከሁሉ በኋላ፣ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. በጄኔራል ናሲ አዛዥነት እጁን የሰጠው በጎንደር ነው፤ ለዚህ ጦር የቀሩለት ጥቂት የውጊያ አውሮፕላኖችም እስከዚያው ወር ድረስ ከጎንደር አካባቢ እየተነሡ ይዋጉ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሰማዩ የሰላም መንገድ ሆነ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በታኅሣሥ 1938 ዓ.ም. ተመሥርቶ፣ መጋቢት 30 ቀን በዚያው ዓመት በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን በረራ ካደረገ በኋላ፣ አገልግሎቱ እየሰፋ ሄዶ ባሕር ዳርን፣ ጎንደርን፣ ላሊበላንና አክሱምን የሚያያይዘው የአየር ጉዞ የታሪካዊ ስፍራዎች መንገድ ተብሎ በዓለም ታወቀ። ዛሬ ከአዲስ አበባ እስከ ጎንደር በመኪና ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆነው ጉዞ፣ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ያህል ቢወስድ ነው። የፋሲል ግቢን፣ የደብረ ብርሃን ሥላሴን ሥዕሎችና የሰሜን ተራሮችን ለማየት የሚመጣው እንግዳ አብዛኛውን ጊዜ የጎንደርን ምድር በመጀመሪያ የሚረግጠው በአዘዞ ነው።

አውሮፕላን ማረፊያው የዐፄ ቴዎድሮስን ስም ይዟል። ይህ ስም ለዛሬው ጉዳዬ የማይናቅ ነገር አለው፤ ምክንያቱም ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያስቀረጹትን ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ ወደ መቅደላ ባስጓዙበት ጊዜ፣ ገደሉን እያስናዱ፣ ሸለቆውን እያስሞሉ፣ ከሠራዊታቸው ጋር ራሳቸው ድንጋይ እየተሸከሙ መንገድ ያሠሩ ንጉሥ ናቸው። በዘመናቸው የነበረውን የመከራ ታሪክ ሁሉ ሳንዘነጋ፣ ስለ መንገድ እንዲህ የተጨነቀ ንጉሥ ስም የተሰጠው ስፍራ ከመንደርደሪያው ባሻገር ለምድሩ መንገድና ለተሽከርካሪው ማቆሚያ የሚገባውን አሳብ ሊያገኝ ይገባዋል እላለሁ።

ጉዳዬም ይኸው ነው። አውሮፕላን ማረፊያ ሲታቀድ፣ ሲሰፋ፣ ሲመረቅም ሰው ሁሉ የሚናገረው ስለ መንደርደሪያው ርዝመትና ስለ መንገደኞች አዳራሹ ስፋት ነው፤ የመኪና ማቆሚያው ግን ሕንፃው ካለቀ በኋላ በተረፈው መሬት ላይ የሚሰመር ትርፍ ነገር ሆኖ ይቀራል። ይህም ስሕተት ነው። አውሮፕላን ማረፊያ የተሠራው ለሚበሩት ሰዎች ብቻ አይደለምና፤ በአገራችን ሰው ብቻውን ተነሥቶ ብቻውን አይሄድም። ወደ ዐረብ አገር ለሥራ የምትሄደውን ልጅ እናቷ፣ አክስቷ፣ ታናናሾቿና ጎረቤቶቿ ሚኒባስ ተኮናትረው ይሸኟታል፤ ከአሜሪካ የሚመለሰውን ወንድም ዘመድ ሁሉ አበባ ይዞ ይጠብቀዋል። በጎንደር ለዓመታት ተራቸውን ሲጠባበቁ ኖረው ወደ እስራኤል የሚጓዙት የቤተ እስራኤል ዘመዶችም ሲለያዩ የሚያለቅሱት፣ አዛውንቱ ልጆቹን የሚመርቀው፣ በዚያው በመኪናዎች መካከል ነው። ወደ አዳራሹ የሚገባው ቲኬት የያዘው ሰው ብቻ ስለ ሆነ፣ የሕዝቡ አውሮፕላን ማረፊያ በእውነቱ የመኪና ማቆሚያው ነው።

አባቶቻችን ይህን ነገር በቤተ ክርስቲያን አሠራር አስቀድመው አውቀውት ነበር። ወደ መቅደስ የሚገቡት ጥቂት ካህናት ናቸው፤ ነገር ግን ቅኔ ማኅሌት ለመዘምራኑ፣ ቅድስት ለሚቆርቡት፣ ዐውደ ምሕረት ለሕዝቡ፣ ደጀ ሰላም ደግሞ ለእንግዳውና ለነዳዩ ተለይቶ ይታነጻል፤ በውጭ የቆመውም ምእመን በዛፍ ጥላ ሥር ሆኖ ቅዳሴውን ይሰማል። የውጭው ስፍራ ከውስጡ ጋር አብሮ የታሰበ እንጂ ከውስጡ የተረፈ አልነበረም።

ጥበቃን የምነቅፍ እንዳይመስል አንድ ነገር ላስቀድም። በሰሜኑ ጦርነት መጀመሪያ፣ ኅዳር 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ማታ ወደ ጎንደርና ወደ ባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያዎች ሮኬት ተተኩሶ፣ የጎንደሩ ጉዳት እንደ ደረሰበት የሚረሳ የለም። ተሽከርካሪ በዋናው በር ላይ መፈተሹ፣ ከሕንፃውም ርቆ እንዲቆም መታዘዙ በዓለም ሁሉ የተለመደ ጥንቃቄ ነው፤ ፈንጂ የጫነ መኪና ከመስታወት ግድግዳ አጠገብ እንዳይቆም ማድረግ የሰው ነፍስ መጠበቅ ነው። ነገር ግን ርቀቱ ለጥበቃ ሲባል ከተወሰነ፣ ያን ርቀት ለሰው የሚመች ማድረግ ደግሞ የወሰነው ክፍል ግዴታ ይሆናል። በሐምሌ ዝናብ ሻንጣ በራሷ ተሸክማ የምትሮጥ ሴት፣ በምርኩዝ የሚሄድ አዛውንት፣ ለሕክምና ወደ አዲስ አበባ የሚወሰድ በሽተኛ ስለ ደኅንነት መርሕ ብትነግራቸው ይስማሙ ይሆናል፤ እግራቸው ግን አይስማማም። ጣሪያ ያለው የእግረኛ መንገድ፣ እስከ መኪናው ድረስ የሚደርስ የሻንጣ ጋሪ፣ ለድኩማን የሚመላለስ ትንሽ መኪና ጥበቃውን በምንም አያጎድሉትም።

ወደ ማቆሚያው የሚመጣው ተሽከርካሪ ሁሉ አንድ ዓይነት አለመሆኑ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ሰው አውርዶ ወዲያው የሚመለሰው፣ የሚመጣውን እንግዳ የሚጠብቀው የሆቴል ወይም የአስጎብኚ መኪና፣ መንገደኛ ፈላጊው ታክሲና ባጃጅ፣ እንዲሁም ማለዳ በርሮ ጉዳዩን አዲስ አበባ ፈጽሞ በማግሥቱ የሚመለሰው ነጋዴ ያቆመው መኪና፣ እነዚህ ሁሉ ፍላጎታቸው የተለያየ ነው። አውርዶ የሚሄደው የሚያስፈልገው ለደቂቃዎች የሚቆምበት፣ ከአዳራሹ የቀረበ መስመር ነው፤ ለዚህም ክፍያ ባይጠየቅ ይሻላል፣ ክፍያ በሩ ላይ ሰልፍ ይፈጥራልና። ነጋዴው ግን ትንሽ ቢርቅም ግድ የለውም፤ የሚሻው አጥር፣ ዘበኛ፣ የሌሊት መብራትና ታርጋው የተጻፈበት ደረሰኝ ነው። ሁሉም በአንድ ሜዳ ላይ ሲደባለቁ ለሁለት ቀን የቆመው መኪና የቅርቡን ስፍራ ይዞ ይውላል፣ በሽተኛ ያመጣውም ከሩቅ ያራግፋል።

የስፍራው ስፋት የሚለካበትም መንገድ መታረም አለበት። የቀኑን ተሽከርካሪ ቆጥሮ ለሰዓታት ማካፈል የሚያሳየው ባዶ ሜዳ ነው። የአገር ውስጥ በረራ የሚሠራበት ኪው 400 የተባለው አውሮፕላን ከ70 በላይ ሰው ይይዛል፤ እርሱ ሲያርፍ ያን ያህል ሰው ይወርዳል፣ ያን ያህልም ለመሳፈር ይጠብቃል፣ የሁለቱም ሸኚና ተቀባይ በዚያው ግማሽ ሰዓት ውስጥ በአንድ በር ይገናኛል፤ ሁለት አውሮፕላን ተከታትሎ የመጣ እንደ ሆነ ጭንቁ እጥፍ ነው። የጥምቀት በዓል በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ ከገባ ወዲህ ደግሞ ጥር 11 ሲቃረብ ወደ ጎንደር የሚጎርፈው እንግዳ ለዚህ በር ትልቁ ፈተና ነው።

ጥላን በሚመለከት፣ ዛፍ ይተከል የሚል ምክር ቶሎ ወደ አፍ ይመጣል፤ እኔም ዛፍ የምወድ ሰው ነኝ። ነገር ግን ዋንዛን የመሰለ ፍሬያማ ዛፍ ወፎችን ይጠራል፣ ወፍ ደግሞ ወደ ሞተር የገባ እንደ ሆነ አደጋ ያመጣል፤ ስለዚህ በመንደርደሪያ አቅራቢያ የሚሻለው በብረት ምሰሶ የቆመ ሰፊ ጣሪያ ነው፤ ሥሩም አግዳሚ ወንበር፣ የመጠጥ ውሃና ንጹሕ መጸዳጃ ቤት ይኑርበት። ቡና የምታፈላ የአዘዞ ሴት በሥርዐት ተፈቅዶላት እዚያ ብትቀመጥ፣ ለእንግዳውም ለሸኚውም ለእርሷም ይበጃል።

ከዚህ ሁሉ ይበልጥ የሚያሳዝነኝ ግን የዋጋው ነገር ነው። ከአውሮፕላን የወረደ እንግዳ ከተማው ከአሥር ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ሳለ፣ ትክክለኛውን ሒሳብ ሳያውቅ ከባለ ታክሲና ከደላላ ጋር በመከራከር የጎንደር ቆይታውን እንዲጀምር መተው ለከተማው ክብር አይበጅም፤ ቀኑን ሙሉ ተራ ጠብቆ ሕጋዊ ዋጋ የሚጠይቀውንም ሐቀኛ ሹፌር ይጎዳዋል። እስከ አዘዞ፣ እስከ ማራኪ፣ እስከ ፒያሳ ለኮንትራትና ለአንድ ሰው የሚከፈለው ታሪፍ በትልቅ ሰሌዳ ላይ ተጽፎ በአዳራሹ መውጫ ይሰቀል። አቅም ለሌለው መንገደኛም ከበረራው ሰዓት ጋር የተስማማ ሚኒባስ ወይም የከተማ አውቶቡስ ይመደብ፤ ብዙ ሰው በአንድ ተሽከርካሪ ከመጣ ማቆሚያው ራሱ ይሰፋልና።

ይህ የማን ሥራ ነው ቢባል፣ የኤርፖርቶች አስተዳደር ከ2009 ዓ.ም. ወዲህ ከአየር መንገዱ ጋር በአንድ ግሩፕ ሥር ስለ ሆነ፣ በግቢው ውስጥ ያለው ጣሪያ፣ መስመርና መብራት የእርሱ ነው፤ ከበሩ ውጭ ያለው መንገድ፣ የታክሲው ተራና ታሪፉ ደግሞ የከተማው አስተዳደር ሥራ ነው። ሁለቱ በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው ከአሽከርካሪዎች ማኅበራትና ከሆቴል ባለቤቶች ጋር ቢመክሩ፣ ሰሌዳውና የመስመሩ ክፍፍል በሳምንታት የሚያልቅ ሥራ ነው። ጣሪያው ጊዜ ይጠይቃል፤ እርሱም ቢሆን ክረምቱ አልፎ በጥቅምት መሠረቱ ከተቆፈረ፣ የጥምቀት እንግዳ ከመድረሱ በፊት ቢያንስ የእግረኛው መንገድ ሊሸፈን ይችላል።