ጅብንና ቀጥቃጭን ምን አገናኛቸው?

አዲስ ከተማ አካባቢ ለማስተማር ልምምድ የወጣን ሁሉ እንደምናውቀው፣ ስለ አራዊት ትምህርት ሲሰጥ ተማሪው አንበሳን ትቶ የሚጠይቀው ስለ ጅብ ነው። «ሰው ማታ ማታ ጅብ ይሆናል ወይ?» «አንድ ዓመት ወንድ፣ አንድ ዓመት ሴት የሚሆነውስ እውነት ነው?» አንዳንዱ መምህር ፈገግ ብሎ «ተረት ነው፣ እንቀጥል» ይላል። ይህ መልስ አይበቃም ባዮች ነን።

ለምን ቢባል፣ መርካቶ ምናለሽ ተራ መዶሻ የማያርፍበት ቦታ ነው። ያረጀ በርሜል ተቀጥቅጦ የከሰል ምድጃ ሆኖ ይወጣል። የዚያ ባለሙያ ልጅ እኛ ክፍል ተቀምጧል። ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ ቡዳ ነው፣ ሌሊት ጅብ ሆኖ ይወጣል የሚለው የቆየ ወሬም አብሮት ተቀምጧል። የጅብ ጥያቄ ሲነሣ ዓይን ሁሉ ወደ አንድ ዴስክ ይዞራል። ታዲያ ዝም ብሎ ማለፍ ለማን መፍረድ ነው?

ስለ ጾታው የሚባለው መነሻ አለው። ሴቷ ጅብ ከወንዱ ትገዝፋለች፣ መንጋውንም የምትመራ እሷ ናት። ብልቷ ከውጭ ሲታይ የወንድ ይመስላል። ወንድ ነው የተባለው ጅብ ሲያጠባ ያየ ሰው «ተለወጠ» ቢል አይገርምም። አርስቶትል ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት ጅብ ሁለት ጾታ አለው መባሉን ሐሰት ነው ብሎ ጽፏል፤ ወሬው ግን እስከ ዛሬ አልሞተም። ኩሱ የሚነጣውም አጥንት ስለሚፈጭ እንጂ ሌላ ምሥጢር የለውም።

ፈሪ ነው፣ የሞተ ብቻ ይበላል የሚባለውም ልክ አይደለም። ሃንስ ክሩክ በ1972 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ የታንዛኒያ ጅቦች አብዛኛውን ምግባቸውን ራሳቸው አድነው እንደሚበሉ አሳይቷል። በእኛው አገር መቀሌ ዙሪያ በተደረገና በ2012 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ደግሞ፣ በሁዳዴ ጾም የሥጋ ትርፍራፊ ሲጠፋ ጅቡ ወደ አህያ እንደሚዞር ታውቋል። ጾሙ ለአህያ አልሆነም ማለት ነው! በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣ ሌላ ጥናት የመቀሌ ጅቦች በዓመት 207 ቶን ያህል ጥንብ እንደሚያነሡ ገምቷል። መቼም የጽዳት ሠራተኛ ነው ብለን አናቆላምጠው፤ ውጭ የተኛን ሰው፣ ይልቁንም ሕፃንን፣ ይጎዳል። ይህም ለተማሪ ይነገር።

ሐረር ላይ ጅብን በእጅ የሚያጎርሱ ሰዎች አሉ፤ እዚያ ጅብ ጂን ይበላል ይባላል። አንዱ ቡዳ ያለውን ሌላው ጂን አባራሪ ካለው፣ ወሬው የሚለዋወጠው በሰው አፍ እንጂ በአውሬው አይደለም። ቀጥቃጩንስ ምን አመጣው? ቡዳ ብሎ የሚፈራው ገበሬ እንኳ የሚያርሰው እሱ በሠራው ማረሻ ነው።

የሥነ ሕይወት መምህራኖቻችንን የምንጠይቀው ለሚቀጥለው ልምምድ ከመውጣታችን በፊት ለጅብ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ እንዲሰጡን ነው። እኛም ከምናለሽ ተራ አንድ ምድጃ ገዝተን ይዘን እንገባለን፤ ስለ ሙቀት መተላለፍ ለምናስተምርበት ቀንም ይሆነናል።