የተነቀሰው ሰውዬና የእናቶቻችን አንገት

ባለፈው ክረምት ግቫት ጺዮን ውስጥ፣ በአንዷ ጓደኛችን እናት ሳሎን፣ ስድስት ሆነን አንድ የቆየ ፊልም አየን። ሲያልቅ ሦስታችን ጊዜያችን ባከነ አልን፤ ሦስታችን ዝም አልን። ቡና እያፈሉ በአንድ ዓይናቸው ሲከታተሉ የነበሩት እናት ግን ‹‹ለመሆኑ ይሄን ሰውዬ ማን ነቀሰው? ወዶ ነው ወይስ በግድ?›› ብለው ጠየቁን። ክርክራችን እስከ ዛሬ አላበቃም፤ ይህን ጽሑፍም የወለደው የሳቸው ጥያቄ ነው።

ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1969 የወጣው ‹‹ዘ ኢለስትሬትድ ማን›› ነው፤ ‹‹የተነቀሰው ሰውዬ›› ብንለው ያስኬዳል። አሜሪካዊው ደራሲ ሬይ ብራድበሪ በ1951 ካሳተመው የሳይንስ ልብ ወለድ መድበል ሦስት አጫጭር ታሪኮችን ወስዶ የተሠራ ነው። ዳይሬክተሩ ጃክ ስማይት ነው። ዋናው ተዋናይ ሮድ ስታይገር፣ በወቅቱ ባለቤቱ የነበረችው ክሌር ብሉምና ወጣቱ ሮበርት ድራይቫስ በየታሪኩ ሌላ ሰው እየሆኑ ይመላለሳሉ። ገላው በንቅሳት የተሸፈነ ተንከራታች ከአንድ ወጣት መንገደኛ ጋር ይገናኛል። ወጣቱ ትኩር ብሎ ሲያይ ሥዕሎቹ ይነቃነቃሉ፣ ታሪክ ይሆናሉ። ሰውዬው ጀርባ ላይ አንድ ባዶ ቦታ አለ፤ እዚያ ላይ ያተኮረ ሰው የራሱን መጨረሻ ያያል።

ፊልሙ በወጣበት ጊዜ ብዙ ተቺዎች አልወደዱትም፣ ገበያውም አልቀናውም። ብራድበሪ በጽሑፉ አልተማከረም፣ ውጤቱም አላስደሰተውም። የሚነቅፉት ሰዎች እውነት አላቸው። ሦስቱ ታሪኮች የተሰፉበት ክር የሳሳ ነው፤ ስታይገርም ዝም ማለት ያለበት ቦታ ላይ ይጮኻል። ዝናብ በማያባራባት ቬነስ ላይ ስለጠፉት ወታደሮች የሚተርከው ክፍል ከርዝመቱ በቀር አልታወሰንም። (ቬነስ እንደ ምድጃ የምትነድ መሆኗ ያኔም ታውቆ ነበር፤ ይሁን።) የሚወዱት ደግሞ የጄሪ ጎልድስሚዝን ሙዚቃ ያነሳሉ። እኛ እንደገና ይታይ የምንለው በሌላ ምክንያት ነው።

ሰውዬው ‹‹ንቅሳት›› ሲሉበት ይቆጣል፤ የቆዳ ሥዕል በሉት ባይ ነው። ሰው ሲያገኘው ከማናገር ይልቅ ገላውን ያነባል። ይህን ስናይ ትዝ ያሉን አያቶቻችን ናቸው፤ ከጎንደር አንገታቸውና አገጫቸው ላይ ይዘውት የመጡት ንቅሳት። ወላጅ ትምህርት ቤት ሲጠራ ‹‹እማዬ፣ ሻርፕሽን ከፍ አድርጊው›› ያልን አለን። ሌላም ምልክት አለ። በ1991 በዘመቻ ሰለሞን ከ14,000 በላይ ሰው በ36 ሰዓት ገደማ ከአዲስ አበባ ሲጓጓዝ፣ ቤተሰብ እንዳይበታተን ግንባር ላይ ቁጥር ይለጠፍ ነበር። ፎቶግራፎቹ ዛሬም አሉ። ቁጥሩ ለደግ ነው የተለጠፈው። ግን ወረቀቱ ከተነሳ በኋላም ስንቱ መሥሪያ ቤት ወላጆቻችንን በዚያው ዓይን ሲያይ ኖረ!

የእናታችን ጥያቄስ? ፊልሙ መልስ አለው። ሰውዬው በግድ አልተነቀሰም፤ ሴትዮዋን ወዶ፣ ምን እንደሚጻፍበት ሳያውቅ ገላውን ሰጠ። ወደ ኢየሩሳሌም ብለው ከጎንደር ቀዬ ለተነሡ ሰዎች ይህ መልስ እንግዳ አይደለም።

የመጀመሪያው ታሪክ ቤቱ ሁሉን ነገር ስለሚሠራላቸው ባልና ሚስት ነው። የልጆቹ ክፍል ግድግዳ ያሰቡትን ሁሉ ያሳያል፤ ልጆቹ የመረጡት የአፍሪካን ሜዳና አንበሶችን ነው። ወላጆቹ ክፍሉን ሊዘጉ ሲነሡ አንበሶቹ እነሱኑ ይበሏቸዋል። ያ አፍሪካ ፀሐይ፣ ሣርና አውሬ ብቻ ነው፤ ሰው የለበትም። በክፍላችን ‹‹እናንተ ሰፈር አንበሳ ነበር?›› ብለው የጠየቁን ልጆች ከዚያው ክፍል የወጡ ይመስለናል።

ይበልጥ የቆጠቆጠን ግን ሌላው ነገር ነው። እዚያ ቤት አባትና እናት ስማቸው እንጂ ሥራቸው የለም። እኛ ቤትስ? አገር ቤት ቃሉ የሚከበር አባት እዚህ ሲመጣ ደብዳቤው በዕብራይስጥ ነው፣ የሚያነብለት የአሥር ዓመት ልጁ ነው። ‹‹መምህሯ ምን አለች?›› ‹‹ጎበዝ ነው አለች፣ አባዬ።›› መምህሯ ያለችው ግን ሦስት ቀን እንዳይመጣ ነበር። ይህን ስናወራ ሁላችንም ሳቅን፤ ሁላችንም አድርገነዋልና። ለአባቶቻችን ከአንበሳ ያልተናነሰ ነገር በአፋችን ይዘን እንዳደግን ያኔ አላወቅንም። በታሪኩ ውስጥ አንድ የሥነ ልቦና ባለሙያ አለ፤ ክፍሉ ይዘጋ ብሎ ይመክራል፣ ምክሩም ልክ ነው፣ ግን ረፍዷል። የማኅበራዊ ሥራ ተማሪዎች ስለሆንን እሱን ስናይ አላሳቀንም።

ሦስተኛው ታሪክ በመጽሐፉ ውስጥ ጸጥ ያለ ነው። ዓለም ዛሬ ሌሊት እንደሚያበቃ ያወቁ ባልና ሚስት ዕቃ አጥበው ይተኛሉ። ፊልሙ ለወጠው። ዓለም ሊጠፋ ነው፣ ልጆች እንዳይሰቃዩ ተኝተው የሚሞቱበት ክኒን ይሰጣቸው ተብሎ በበላዮች ይወሰናል። ይነጋል፤ ዓለም እንዳለ ነው፤ ክኒኑ ግን ተሰጥቷል። የብራድበሪ ወዳጆች ለዚህ ለውጥ ፊልሙን ይቅር አላሉትም። እኛ ግን ፊልሙ የራሱ የሆነ ነገር ያገኘው እዚህ ላይ ብቻ ነው እንላለን። አባትየው ጨካኝ አይደለም፤ የሚያውቁ ሰዎች ለልጆቹ ይሻላል ስላሉት አመነ።

በሰማንያዎቹና በዘጠናዎቹ ከማኅበረሰባችን ወጣቶች አብዛኞቹ በዓሊያት ሃኖዓር በኩል ወደ ፕኒሚያ ተላኩ። ሁለቱን አንድ አናደርግም። ከፕኒሚያ ነርስ፣ መምህር፣ መኮንን ሆነው የወጡ አሉ፤ የአንዳችን አጎት ‹‹እኔን ሰው ያደረገኝ እሱ ነው›› ይላል። ከእኛም አንዷ ‹‹ማነጻጸሩ ራሱ ነውር ነው፣ እዚያ የሞተ ልጅ ነው›› ብላ እስከ ዛሬ አልተስማማችም፤ ተቃውሞዋን እዚህ እንድናሰፍርላት ጠይቃለች። እኛ የምናነሳው ማንበብ በማይችሉት ወረቀት ላይ የፈረሙትን ወላጆች ነው። ልጁ ለሰንበት ሲመለስ አዲስ ስም ነበረው፣ አማርኛው ሳስቷል፤ ውሳኔውን የሰጡት ሰዎች ግን በዚያ ዓርብ ማታ ቤቱ ውስጥ አልነበሩም።

አሁን እኛ በክፍል የምንማረው ያንን ወረቀት መጻፍ ነው። ልጅ ከቤት ይውጣ ወይስ ይቆይ የሚል አስተያየት እንዴት እንደሚዘጋጅ ተምረናል፣ ተፈትነናል፣ ጥሩ ነጥብም አግኝተንበታል። ከጥቂት ዓመት በኋላ ከታች የሚሰፍረው ፊርማ የእኛ ይሆናል፤ ምናልባትም እዚሁ ግቫት ጺዮን፣ አማርኛ የምታውቅ ልጅ መጣች ብለው ቡና ለሚያፈሉልን እናት።

እኚያ እናት ሦስተኛው ታሪክ ሲያልቅ ሁለተኛ ጥያቄ ነበራቸው፤ ‹‹እናትየዋን ማን ጠየቃት?›› ማናችንም ቶሎ መልስ አልሰጠንም። ፊልሙን በሚቀጥለው ወር ከወላጆች ጋር እንደገና ልናየው አስበናል። እናንተም እናት አባቶቻችሁን ይዛችሁ ኑ። ትርጉሙን ተራ በተራ እኛው እንሠራለን፤ ሕፃን ልጅ አናስተረጉምም።