የግቢው በር ተዘግቷል ወይ?

እኅቶቻችን፣ በከተማ ውስጥ ግቢ ያለው ቤት ሁሉ በቀን ደጋግሞ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፤ «የግቢው በር ተዘግቷል ወይ?» የሚል ነው። ከወጥ ቤት ሆኖ በሩ አይታይም። ክረምት ሲሆን ደግሞ ወጥቶ ለማየት ዝናቡ አያስኬድም። ስለዚህ ጠያቂዋ ካለችበት ትጣራለች፤ መላሹም ካለበት ሆኖ «ተዘግቷል!» ይላል። ከሁለቱ አንዳቸውም ግን በሩን አላዩትም።

ነገሩ ቀላል መስሎ ሊታይ ይችላል። ሆኖም መራመድ የጀመረ ሕፃን ክፍት በር ካገኘ አስፋልት ላይ ለመድረስ ብዙ ጊዜ አይፈጅበትም። ከዚያ በኋላ የሚደረገው ሩጫ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚባለው ነው። አደጋ ባይደርስ እንኳ ጠቡ አይቀርም። ጥፋተኛ ሲፈለግ ቶሎ የምትገኘው የቤት ሠራተኛዋ ናት። እርሷም «እትዬ፣ እኔ ዘግቼዋለሁ» ትላለች፤ እውነቷንም ይሆናል። ከእርሷ በኋላ ኳሱን ለማምጣት የወጣ ልጅ ወይም ወደ ሱቅ ብቅ ያለ ጎረምሳ በሩን ገርበብ አድርጎት ሊሆን ይችላል። ምስክር ስለሌለ የሚረታው ድምፁ ከፍ ያለው ነው።

እንግዲህ ለዚህ በር በጥቂት ዕቃና በአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ምስክር ማቆም ይቻላል። የሚያስፈልጉት እነዚህ ናቸው፦ ለበር ደወል ተብሎ በፕላስቲክ ታሽጎ የሚሸጥ ባለ ማግኔት ጥንድ ማብሪያ፣ አንዲት ቢጫ ወይም ቀይ ኤል.ኢ.ዲ. መብራት፣ ባለ 100 ኦም ሬዚስታንስ፣ ሲጫኑት ብቻ የሚያገናኝ የደወል ቁልፍ፣ ሁለት ባለ 1.5 ቮልት የባትሪ ድንጋይ ከነማስቀመጫው፣ እንዲሁም ከቤት እስከ በሩ የሚደርስ ቀጭን ጥንድ ሽቦ። ሰማያዊና ነጭ ኤል.ኢ.ዲ. ከዚህ የበለጠ ቮልት ስለሚፈልጉ ለዚህ ሥራ አይመረጡም።

ከጥንዱ አንደኛው ተራ ማግኔት ነው። በሁለተኛው ውስጥ ትንሽ የመስታወት ቱቦ አለች፤ በቱቦዋም ውስጥ ጫፋቸው ለመነካካት ጥቂት የቀራቸው ሁለት ስስ የብረት ምላሶች አሉ። ማግኔቱ ሲቀርብ ምላሶቹ ይሳሳቡና ይገጥማሉ፤ መብራትም ያሳልፋሉ። ሲርቅ ይለያያሉ። ይህን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1936 ያገኘው በአሜሪካ በቤል የስልክ ላቦራቶሪ ይሠራ የነበረው ዋልተር ኤልዉድ ነው፤ በኋላም በስልክ ማዞሪያ ጣቢያዎች ብዙ አገልግሏል። ስትገዙ «ሁለቱ ሲቀራረቡ የሚያገናኘውን» ብላችሁ ጠይቁ፤ ሲቀራረቡ የሚያቋርጥም አለና እዚያው አስሞክሩ።

ማግኔቱ በሚከፈተው መዝጊያ ላይ፣ ባለ ሽቦው ደግሞ በማይንቀሳቀሰው ጉበን ላይ፣ በሩ ሲዘጋ ፊት ለፊት እንዲገናኙ ሆነው ይታሰራሉ። የሽቦው መንገድ እንዲህ ነው። ከድንጋዩ ፖዘቲቭ ጫፍ ተነስቶ ወደ ደወል ቁልፉ፣ ከዚያ ወደ ሬዚስታንሱ፣ ከዚያ ወደ ኤል.ኢ.ዲ.ዋ ረጅም እግር ይሄዳል። ከአጭር እግሯ ወጥቶ በሩ ላይ ካለው ማብሪያ ይደርስና በሁለተኛው ሽቦ ወደ ድንጋዩ ኔጋቲቭ ጫፍ ይመለሳል። መብራቷና ቁልፉ ወጥ ቤት ወይም ሳሎን ግድግዳ ላይ ይሰቀላሉ። ቁልፉን ስትጫኑ መብራቷ ከበራች በሩ ተዘግቷል።

መብራቷ በሩ ሲዘጋ እንድትበራ የሆነበት ምክንያት አለ። ድንጋዩ ቢደክም፣ ሽቦው ቢበጠስ ወይም ማግኔቱ ቢወድቅ መብራቷ አትበራም፤ አለመብራቷም «ሄደሽ እይ» ማለት ነው። ሲከፈት የሚጮህ ደወል ብናደርግ ግን ድንጋዩ ያለቀ ዕለት ዝም ይላል፤ እኛም ዝምታውን «ተዘግቷል» ብለን እንወስደዋለን። በልጅ ነገር ከሚያታልል ዝምታ ይልቅ አንድ ጊዜ በከንቱ የሚያስኬድ መብራት ይሻላል። መብራቷ በተጫኑ ጊዜ ብቻ ስለምትበራም ሁለቱ ድንጋዮች ብዙ ወራት ያገለግላሉ።

በሩ ላሜራ ከሆነ ብረቱ የማግኔቱን ጉልበት ስለሚያዳክም ከማግኔቱም ከማብሪያውም ሥር አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው እንጨት ወይም ፕላስቲክ ይደረግ። ትንሿ በር በትልቁ መዝጊያ ላይ የተሠራች ከሆነች ሽቦው በትልቁ መዝጊያ ማጠፊያ በኩል ላላ ተደርጎ ይለፍ፤ የተወጠረ ሽቦ ሲከፈትና ሲዘጋ ይበጠሳል። መጋጠሚያዎቹ በናስትሮ ተጠቅልለው ዝናብ በማይመታቸው ቦታ ይሁኑ። የመኪና ማቆሚያ ጋራዥ ላላቸውም ዘዴው ያው ነው።

ሦስት ነገር አደራ እንላለን። አንደኛ፣ ሥራው በድንጋይ ብቻ ይሁን፤ ከቤቱ 220 ቮልት መብራት ጋር ፈጽሞ አይገናኝ። ሁለተኛ፣ የተረፈ ማግኔትና እንደ ቁልፍ ክብ የሆኑ ትናንሽ ባትሪዎች ሕፃን እጅ አይግቡ፤ ቢዋጡ አንጀትና ጉሮሮ የሚያቆስሉ፣ ነፍስም የሚያጠፉ ናቸውና ዋጠ ተብሎ ከተጠረጠረ ሳይቆዩ ሐኪም ቤት መሄድ ያስፈልጋል። ሦስተኛ፣ መብራቷ የምትናገረው መዝጊያው መግጠሙን እንጂ መቀርቀሩን አይደለም፤ ማታ መቀርቀሪያውን በእጅ ማየት አይቀርም።

ቁልፉ ለሁሉም በሚደርስ ቦታ ይሰቀል። እናትም ሠራተኛዋም፣ ከትምህርት ቤት የሚመለሰው ልጅም በገቡ ቁጥር ይጫኑት። መብራቷ ካልበራች ማንም ማንን ሳይወቅስ በቅርብ ያለው ሄዶ በሩን ይዝጋ።