ምስሉም ለንደን፣ ሰርቨሩም ለንደን

ጥቅምት 17 ቀን 2016 ዓ.ም. የእንግሊዝ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት፣ ብሪቲሽ ላይብረሪ፣ በኮምፒውተር ጠላፊዎች ተመታ። ራይሲዳ የተባለው ቡድን 600 ሺህ ፓውንድ ገደማ የሚያወጣ ቢትኮይን ጠየቀ። ቤተ መጻሕፍቱ አልከፍልም አለ፤ ጠላፊዎቹም የዘረፉትን 600 ጊጋባይት የሚጠጋ መረጃ ለዓለም በተኑት። ዋናው ካታሎግ ለፍለጋ ብቻ እንኳ የተመለሰው በጥር ነው። በዲጂታል የተቀዱት የብራና መጻሕፍት ግን ከዚያ በኋላም ለብዙ ወራት ከድረ ገጹ እንደጠፉ ቆዩ።

ከጠፉት መካከል የመቅደላ ብራናዎች ይገኙበታል። እነዚህን መጻሕፍት ለንደን መሄድ ሳያስፈልገው ከጎንደር ወይም ከአዲስ አበባ ሆኖ ገጽ በገጽ ያነብ የነበረ ተመራማሪ ድንገት ባዶ እጁን ቀረ።

መጻሕፍቱ እዚያ እንዴት እንደደረሱ የታወቀ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ለመድኃኔ ዓለም ሊያሠሩት ላሰቡት ቤተ ክርስቲያን ከጎንደር አድባራት ብዙ መጻሕፍት ሰብስበው ነበር። ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. አምባው ሲወድቅ የእንግሊዝ ጦር ምርኮውን በ15 ዝሆኖችና በ200 ገደማ በቅሎዎች ጭኖ ወረደ፤ ደላንታ ሜዳ ላይም ሐራጅ ተባለ። ከጦሩ ጋር የመጣው የብሪቲሽ ሙዚየም ባለሙያ ሪቻርድ ሆልምስ ገዢ ሆኖ ቆመ። 350 ገደማ የሚሆኑት ብራናዎች በመጨረሻ ሙዚየሙ፣ በኋላም ቤተ መጻሕፍቱ ገቡ። ከእነዚህ መካከል መጽሐፉ የመድኃኔ ዓለም መሆኑን የሚናገር ጽሑፍ ያለባቸው አሉ። የባለቤቱ ስም እዚያው ብራናው ላይ ተጽፎ ይገኛል፤ ካሜራውም አንስቶታል።

ብሪቲሽ ላይብረሪ የሠራውን መልካም ሥራ መካድ አይገባም። ብራናዎቹን በጥንቃቄ ጠብቋል፣ ምስላቸውን በነፃ አቅርቧል፣ በ2018 እ.ኤ.አ. ለኢትዮጵያ ብራናዎች ብቻ የተዘጋጀ ዐውደ ርእይ ከፍቷል። ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚያስተዳድረው ለአደጋ የተጋለጡ መዛግብት ፕሮግራም ደግሞ ዋናው ቅርስ ከአገሩ እንዳይወጣ አጥብቆ ያዛል፤ ቅጂውም በአገሩ እንዲቀመጥ ያደርጋል። ይህ ደንብ ትክክለኛ ነው። ለመቅደላ ብራናዎችም ሊሠራ ይገባው ነበር።

ምስል ተሰጠ ማለት መጽሐፉ ተመለሰ ማለት እንዳልሆነ የጥቅምቱ ጥቃት በግልጽ አሳይቷል። አንባቢው የተሰጠው የማየት ፈቃድ ብቻ ነው፤ ፈቃዱም የሚጸናው ለንደን ያለው ሰርቨር እስከሠራ ድረስ ነው።

ሌላ መንገድ እንዳለ ኢትዮጵያውያን ራሳቸው ያውቁታል። በ1973 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንና በአሜሪካ ተቋማት ትብብር የብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም የመቅዳት ሥራ ተጀመረ። ከየገዳማቱና ከየአድባራቱ ዕቃ ቤት እየወጡ ፊልም የተነሡት መጻሕፍት ከጊዜ በኋላ ከ9 ሺህ በላይ ደረሱ። ቅጂው በአንድ ቦታ አልተወሰነም፤ በአዲስ አበባም፣ በሚኒሶታ ኮሌጅቪልም ተቀመጠ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም ኮሌጅቪል ተቀምጠው፣ የእያንዳንዱን መጽሐፍ ይዘት እየመረመሩ ካታሎጉን በማዘጋጀት አሠርት ዓመታት አሳለፉ።

ከተቀዱት አንዱ የሐይቅ እስጢፋኖስ ወንጌል ነው። በ13ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የተጻፈ ሲሆን፣ የገዳሙ አበምኔት አባ ኢየሱስ ሞዐ ለገዳሙ የሰጧቸው መጻሕፍት ዝርዝር እዚያው ውስጥ ሰፍሯል። ሰባት መቶ ዓመት ያለፈው የቤተ መጻሕፍት መዝገብ ማለት ነው! ፎቶ አንሺው ለወንጌሉ ቃል ብቻ ተጨንቆ እንዲህ ያለውን ጭማሪ ጽሑፍ ቢያልፈው ኖሮ፣ ከሐይቅ ርቆ ለሚያጠና ሰው ይህ ዝርዝር አይደርሰውም ነበር። የሰሜኑ ጦርነት ብዙ አብያተ ክርስቲያናትን ካዘረፈ በኋላማ የእንዲህ ዓይነቱ ቅጂ ዋጋ እጥፍ ሆኗል።

እዚህ ላይ ኃላፊነቱ በወመዘክር ጫንቃ ያርፋል። በ1936 ዓ.ም. የተቋቋመው ይህ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት የአገሪቱን ኅትመት ከመሰብሰብ አልፎ፣ በ1997 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ትውስታ መዝገብ የሰፈሩ 12 ሰነዶችን ይጠብቃል። ውጭ አገር ያሉ ብራናዎችን ግን አንባቢው ከባለቤቶቹ ድረ ገጽ እየለመነ እንዲያነብ መተው የለበትም። ከለንደንም፣ ከፓሪስም ሙሉ ጥራት ያለውን ፋይል መጠየቅ፣ በራሱ ሰርቨር ማስቀመጥ፣ ተጨማሪ ቅጂ ለጎንደር፣ ለባሕር ዳርና ለመቀሌ ዩኒቨርሲቲዎች መስጠት ይችላል። ለዚህ የማከማቻ መሣሪያ፣ የማይቋረጥ መብራትና ግእዝ አንብቦ ካታሎግ የሚሠራ ባለሙያ ያስፈልጋል፤ በጀቱ ከዓመት ዓመት ሊያዝለት የሚገባው ለእነዚህ ነው።

የዋናዎቹ ብራናዎች ጥያቄ በዚህ አይዘጋም። ዐፄ ዮሐንስ በ1872 እ.ኤ.አ. ክብረ ነገሥት እንዲመለስላቸው ለንግሥት ቪክቶሪያ ጽፈው መጽሐፉ ተመልሶላቸዋል። ዛሬ ለንደን በሕግ ታስሬያለሁ የምትለው ብራናውን ስለመመለስ ነው። ሙሉውን ፋይል ቀድቶ አዲስ አበባ መላክን የሚያግድ ሕግ ግን የለም፤ ስለዚህ ይህኛው ጥያቄ የእንግሊዝ ፓርላማ እስኪመክር የሚጠብቅበት ምክንያት የለውም፤ በአንድ ኦፊሴላዊ ደብዳቤ ዛሬውኑ ሊጀመር ይችላል።