ትንሿ በር
የትምህርት ቤቶች ዋንጫ ፍጻሜ ሲደርስ ስብሰባው ሁሉ ስለ ጠብ ነው፤ የየትኛው ትምህርት ቤት ደጋፊ በየት በኩል ይቀመጥ፣ ድንጋይ እንዳይወረወር ማን ይቁም። ይሁን። እኔን የሚያስፈራኝ ግን የግቢው በር ነው። ትልቁ የብረት በር በሰንሰለት ይታሰራል፤ ያ ሁሉ ተማሪ የሚገባውም የሚወጣውም አንድ ሰው ብቻ በምታሳልፈው በትንሿ በር ነው፤ የሰንሰለቱ ቁልፍ ደግሞ ምሳ ሊበሉ የወጡት ጋሽ ዘበኛ ኪስ ውስጥ። ጥር 16 ቀን 2014 ዓ.ም. ካሜሩን፣ ያውንዴ፣ ኦሌምቤ ስታዲየም ደጃፍ ላይ 8 ሰዎች በግፊያ ሞተዋል፤ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) ፕሬዚዳንት ፓትሪስ ሞትሴፔ እንደተናገሩት ክፍት መሆን የነበረበት በር ተዘግቶ ነበር። በግፊያ የሚሞት ሰው ብዙውን ጊዜ ተረግጦ አይደለም የሚሞተው፤ ቆሞ ሳለ ደረቱ ተጨምቆ፣ ትንፋሽ አጥቶ ነው። ከኋላ ያለው ፊት ላይ የሚሆነውን አያይም፤ ይገፋል። የአሥር ዓመት ልጅ ቁመት ሲታሰብ ነገሩ ይከፋል። እንግዲህ ዳኛው ፊሽካ ሳይነፋ ትልቁ በር ወለል ብሎ ይከፈት፤ አንድ መምህርም ከዚያ አይነቃነቅ። ሳይከፍሉ የሚገቡ ይኖራሉ ይባላል። ይግቡ! የመግቢያው ብር እኮ ለማሊያ ማጠቢያ እንኳ አይበቃም።