የተላከ ሁሉ ደረሰ አይባልም

ዐፄ ቴዎድሮስ በጥቅምት 1855 ዓ.ም. ለእንግሊዝ ንግሥት ለቪክቶሪያ የጻፉትን ደብዳቤ በቆንስሉ በካሜሮን በኩል ሰደዱ። ደብዳቤው በየካቲት ወር ሎንዶን ገባ፤ ነገር ግን ከአንድ ዓመት በላይ ምላሽ ሳይጻፍለት ተቀመጠ። ደብዳቤው ደርሶ እንደ ተናቀ ወይም በመንገድ እንደ ቀረ ለንጉሡ የሚያስረዳ አንዲት ወረቀት እንኳ አልመጣችም። ቆንስሉ በ1856 ዓ.ም. ታሰረ፤ ለጦርነቱ ሌላም ምክንያት ባይታጣ፥ ነገሩ እየከፋ ሄዶ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ተፈጸመ።

ይህ ሁሉ በሚሆንበት ዘመን ጆቫኒ ካሴሊ የተባለ ኢጣልያዊ ካህን የእጅ ጽሕፈትን እንዳለ በቴሌግራፍ ሽቦ የሚያሻግር መኪና ሠርቶ ነበር፤ መኪናውም በ1857 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር 1865) በፓሪስና በሊዮን ከተሞች መካከል ለአገልግሎት ዋለ። ዛሬ ፋክስ የሚባለው የዚያ መኪና ዘር ነው። ወረቀቱን በቀጭን በቀጭን መስመር እየከፈለ ጥቁሩን ከነጩ ይለያል፤ ያንንም ወደ ድምፅ ለውጦ በስልክ ሽቦ ይሰደዋል፤ በወዲያ ያለው መኪና ደግሞ ድምፁን ሰምቶ እንደ ገና በወረቀት ላይ ያትመዋል።

ኢንተርኔት ከመጣ ወዲህ የፋክስ ጊዜው አልፏል የሚሉ አሉ፤ ከፊሉ እውነት ነው። ሆኖም በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት መቆየቱን ያየ ሹም፥ ፊርማና ማኅተም ያለበትን ደብዳቤ በስልክ ሽቦ የሚያደርስ መኪና ከቢሮው ለማስወጣት አይቸኩልም። ከደባርቅ እስከ ጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከጃናሞራና ከበየዳ ደግሞ መንገዱ ይበልጣል። ለአንድ ገበሬ ይግባኝ ወይም ለአንድ መምህር ዝውውር የምታስፈልግ አንዲት ገጽ ብትጠፋ ባለጉዳዩ ራሱ መልእክተኛ ሆኖ ያንን አቀበትና ቁልቁለት ይወጣል ይወርዳል፤ ቀጠሮው ቢያልፍበትም መኪናውን ከሶ አይረታም።

ስሕተቱ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው መኪናው ከላከ በኋላ ከሚያወጣው ትንሽ ወረቀት ነው። ጸሐፊው በላዩ «ኦኬ» የሚል ቃል ሲያይ ደብዳቤው ደረሰ ብሎ ፋይሉን ይዘጋል። ወረቀቱ ግን የሚመሰክረው ያኛው መኪና ድምፁን መቀበሉን ብቻ ነው፤ ሰው አነበበው አይልም። ደብዳቤው ተገልብጦ ገብቶ ከሆነ ባዶ ነጭ ገጽ ይሄዳል፤ ወረቀቱ ግን ያው «ኦኬ» ይላል። በፈዛዛ ሰማያዊ ቀለም የተመታ ማኅተምም ተራው መኪና ጥቁርና ነጭ እንጂ ሌላ ስለማያውቅ በመንገድ ይጠፋል፤ ማኅተም የሌለውን ደብዳቤ ደግሞ ተቀባዩ ሹም አይቀበለውም።

ችግር በደረሰ ጊዜ ባለሙያ ከመጥራት በፊት አንድ ገጽ በዚያው መኪና መገልበጥ ይበቃል። ግልባጩ ጥቁር መስመር ካለበት መስተዋቱ ቆሽሿልና በለስላሳ ጨርቅ ይጠረግ፤ ግልባጩ ንጹሕ ከሆነ ጉድለቱ ከሽቦው ወይም ከተቀባዩ ዘንድ ነው። ሽቦው የሚንሾካሾክ ከሆነ የመላኪያውን ፍጥነት ከ14,400 ወደ 9,600 ዝቅ ማድረግ ብዙ ጊዜ ይረዳል። በክረምት በደባርቅ ጉም ርጥበት የጠጣ ወረቀት እየተጣበቀ መኪናውን ያንቃል፤ ስለዚህ ወረቀት በማሸጊያው ውስጥ ይቆይ። መብረቅ ሲያጉረመርም የኤሌክትሪኩ ብቻ ሳይሆን የስልኩም ሽቦ ይነቀል፤ መብረቁ በሁለቱም ይገባልና።

የሰዓት ነገር ከሁሉ ይልቅ ተዘንግቷል። መኪናው በደብዳቤው ራስ ላይ ቀንና ሰዓት ያትማል፤ የሚቆጥረው ግን ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። በጎንደር ከጧቱ በ3 ሰዓት የተላከ ደብዳቤ 09:00 ተብሎ ይታተማል፤ የአገሩን አቆጣጠር የለመደ መዝገብ ያዥ ይህን 9 ሰዓት ብሎ ቢያነበው፥ እስከ 6 ሰዓት ይቅረብ የተባለው ማመልከቻ ዘግይቷል ተብሎ ይመለሳል። መብራት ጠፍቶ ሰዓቱ የተዛባበት መኪና ደግሞ ያልነበረ ቀን ያትማል። ስለዚህ የደረሰበት ሰዓትና ቀን በአገሩ አቆጣጠር በእጅ ይጻፍ፤ የተቀባዩም ስም ይታከልበት።

ስለ ወረቀቱ ደግሞ ካህናት ከማንም ይልቅ ያስተውላሉ። በጎንደር ነገሥታት ዘመን በጥላሸት ቀለም የተጻፉ ብራናዎች እስከ ዛሬ ይነበባሉ። በብዙ ፋክስ ላይ የሚጠቀለለው አንጸባራቂ ወረቀት ግን ቀለም የለውም፤ ሙቀት ሲነካው የሚጠቁር ቅባት ተቀብቶ ነው እንጂ። ስለዚህም ፀሐይ ያገኘው ወይም በፕላስቲክ የታሸገው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይደበዝዛል። የመሬት፥ የጡረታ ወይም የአንድ ደብር ይዞታ ጉዳይ በእንዲህ ያለ ወረቀት ላይ ቀርቶ ፋይሉ ሲገለጥ ነጭ ወረቀት ቢገኝ፥ መብት ጠፋ ማለት ነው። ወረቀቱ የደረሰ ዕለት በተራ ወረቀት ይገልበጥ፤ ግልባጩም በሹም ፊርማ ይጽና። ጥቅሉ ሲተካም በጥፍር ቢጭሩት የሚጠቁረው ገጽ የሚታተምበት ነውና ተገልብጦ እንዳይገባ ይታይ።

ይህን ሁሉ ለማድረግ አዲስ በጀት አያስፈልግም። መኪናው የሁሉም ስለሆነ የማንም አይደለም፤ ወረቀት ያለቀበትን የሚያይ የለም፤ የደረሰውን ደብዳቤ የሚያነሣው ያገኘው ሁሉ ነው። እያንዳንዱ መሥሪያ ቤትና ሀገረ ስብከት አንድ ኃላፊ ጸሐፊ ይሰይምለት፤ የሚወጣውና የሚገባው የሚጻፍበት መዝገብም በአጠገቡ ይኑር። ላኪው ከመላኩ በፊት ደውሎ ስንት ገጽ እንደሚመጣ ይንገር፤ ተቀባዩም ገጹን ቆጥሮ፥ ማኅተሙን አይቶ፥ የመጀመሪያውን ገጽ «ደርሶኛል» ብሎ ፈርሞበት በዚያው መኪና ይመልስ። አንድ ገጽ ለመመለስ የሚፈጀው አንድ ደቂቃ ያህል ነው።