ገዳዩ ነበልባሉ ብቻ ነውን?

የእሳት አደጋ ተከላካይ በግዳጅ ላይ ሲሞት ሁላችንም ነበልባሉን እንከስሳለን። በአሜሪካ ግን፣ እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፣ በግዳጅ ላይ ከሞቱት 45 በመቶ ያህሉን የገደለው የልብ ሕመም ነው። እሳት ማጥፋት ከሥራ ጊዜያቸው የሚወስደው ከ1 እስከ 5 በመቶ ብቻ ነው፤ በልብ ደም ሥሮች ሕመም ካለፉት ግን 32 በመቶው የሞቱት በዚያች አጭር ጊዜ ነው። ሙቀቱ፣ የመሣሪያው ክብደትና ጭሱ ቀድሞ የታመመን ልብ ያጣድፉታል።

በዚያው አገር የሙያ ደኅንነትና ጤና ብሔራዊ ተቋም እ.ኤ.አ. በ1998 የጀመረው የሞት ምርመራ ጥፋተኛን ለመቅጣት የቆመ አልነበረም። ትክክል ነበር እንላለን፤ ቅጣት የሚፈራ ባልደረባ ያየውን ሁሉ አይናገርምና። የሟቹ የጤና መዝገብና የአስከሬን ምርመራ ውጤትም ከተደረመሰው ጣሪያ እኩል ይመርመሩ።